ቤቱ ከተገኘ በኋላ ደስታዬ የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 36 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ በአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ለዓመታት ስንቆጥብ ቆይተን የኮንዶሚኒየም እጣ ወጣልንና ከሽሮ ሜዳ የኪራይ ቤታችን ለቅቀን ቦሌ አራብሳ ከገባን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሌሊት እየተነሣሁ ግድግዳውን እዳስስ ነበር። አሁን ቤቱ ምንም አይመስለኝም። ከንጋቱ 11፡30 እወጣለሁ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እመለሳለሁ። የማነቃቂያ ንግግር አዳምጣለሁ፤ በየማታው የማመሰግንባቸውን ዐሥር ነገሮች እጽፋለሁ፤ ለውጥ የለም። እናቴ ‹አታማርሪ፣ የሰጠሽን አምላክ ታሳዝኚዋለሽ› ትለኛለች። በቅርቡ ለክፍል ኃላፊነት ተወዳድሬአለሁ፤ ምናልባት እርሱ ሲሳካ ይስተካከል ይሆን? ደስታ በየቀኑ እንዲኖረኝ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከጻፉት ሁሉ ዐይኔ ያረፈው በሁለቱ ሰዓቶች ላይ ነው። ከንጋቱ 11፡30 ወጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚመለስ ሰው በቀን ዐሥራ አራት ሰዓት ተኩል ከቤቱ ውጭ ይውላል። ከዚህ ላይ የሥራውንና የምሳውን ዘጠኝ ሰዓት ብንቀንስ፣ አምስት ሰዓት ተኩል በወረፋና በመንገድ ያልቃል። ቅዳሜን ትተን አምስቱን ቀን ብቻ ብንደምር እንኳ በሳምንት ከሃያ ሰባት ሰዓት በላይ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚበልጥ ጊዜ ነው። ደስታዎ የት እንደ ገባ ሲጠይቁኝ መልሴን ከዚህ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ቤቱ ያመጣልዎትን ነገር ለምደውታል፣ ቤቱ የወሰደብዎትን ግን አልለመዱትም። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ፍጥነት አይለመዱም።

የቤቱ ደስታ መደብዘዙ ውለታ ቢስነት አይደለም፤ የሰው አእምሮ የተሠራበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች፣ ሎተሪ ካልደረሳቸው ሌሎች 22 ሰዎችና በአደጋ ሽባ ከሆኑ 29 ሰዎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ባለ ሎተሪዎቹ ሎተሪ ካልደረሳቸው ሰዎች ይህን ያህል የሚበልጥ ደስታ አልነበራቸውም፤ እንዲያውም ቁርስ መብላት፣ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት፣ ቀልድ መስማት ከመሰሉ ትንንሽ የዕለት ነገሮች የሚያገኙት እርካታ ከእነዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የማነቃቂያ ተናጋሪዎች ይህን ጥናት አንሥተው «ሽባ የሆኑትም ባለ ሎተሪዎቹም እኩል ደስተኞች ሆኑ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ስሕተት ነው። የተጎዱት ሰዎች ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፤ ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸው የተጠበቀውን ያህል አለማነሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉንም ነገር ይለምዳል የሚለው አባባል እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው።

የማንለምዳቸው ነገሮች አሉና። የማያቋርጥ ጩኸት፣ የማያባራ ሕመም፣ ሥራ አጥነትና በየዕለቱ መልኩን የሚለዋውጥ መንገድ በቀላሉ አይለመዱም። ታክሲው ዛሬ በሃያ ደቂቃ፣ ነገ በሰዓት ተኩል ሲመጣ አእምሮ ልክ የሚያስይዘው ነገር ያጣል። ዳንኤል ካንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በቴክሳስ የሚኖሩ 909 ሠራተኛ ሴቶች ያለፈውን ቀናቸውን በክፍል በክፍሉ እያስታወሱ በእያንዳንዱ ክፍል የተሰማቸውን እንዲመዘግቡ አድርገው ነበር። ከዝርዝሩ ግርጌ የተገኘው ወደ ሥራና ከሥራ የሚደረገው ጉዞ ነው፤ ከላይ ከተገኙት መካከል ደግሞ ከወዳጅ ጋር የሚያልፍ ጊዜ ይገኝበታል። ቴክሳስ አራብሳ አይደለም። እነዚያ ሴቶች በአብዛኛው በራሳቸው መኪና የሚሄዱ ናቸውና የእኛን ወረፋ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የቀንዎን አሠራር ያስረዳል፤ ወደ አዲሱ ቤት ሲገቡ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለው ጊዜ በዛ፣ ከላይ ያለው ጠፋ።

የጠፋውን በስሙ ልጥራው። ሽሮ ሜዳ በግቢ ኪራይ የኖረ ሰው የጋራ መጸዳጃውን፣ ኪራይ የሚጨምረውን አከራይና የውኃ ወረፋውን ያስታውሳልና ያን ኑሮ ላሞግሰው አልፈልግም። ነገር ግን በዚያ ግቢ ቡና ሲፈላ ማንም ቀጠሮ አይይዝም ነበር። ጭሱ ሲወጣ፣ ሙቀጫው ሲሰማ ጎረቤት ይጠራል፤ ያልመጣችው ደግሞ «ምን ሆነሽ ቀረሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ ያ ሰዓት ሰው የሚሰማበት፣ የሚተማበት፣ ልጅ የሚመከርበት፣ ሐዘን የሚወጣበት ነው። ማንም «ደስታን እየኮተኮትኩ ነው» ብሎ አያስብም ነበር፤ ቡና መጠጣቱ ነበር። አሁን ባሉበት ብሎክ ፎቅ ላይ ሲኒ ቢንኳኳ የሚሰማው የራስዎ ልጅ ብቻ ነው። ቤት ስንመኝ የምናሰላው ክፍሉን፣ ወለሉንና ባንክ የሚከፈለውን ነው፤ ደስታ ይሰጠን የነበረው ግን ያላሰላነው ነገር ስለ ነበረ ሲጎድል ስሙን አናውቀውም፣ ቤቱን ወይም ራሳችንን እንወቅሳለን።

የማነቃቂያ ንግግሩንና ደብተሩን በተመለከተ አካሄድዎን እንዲቀይሩ እመክራለሁ። ደስታን ዋና ግብ አድርጎ በየሰዓቱ «አሁን ደስ ብሎኛል?» እያሉ ራስን መጠየቅ፣ ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ በስሎ እንደ ሆነ ለማየት አክንባሎውን ደጋግሞ እንደ መክፈት ነው። አይሪስ ሞስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሙከራ፣ ስለ ደስታ አስፈላጊነት የሚያወሳ ጽሑፍ አስቀድመው እንዲያነቡ የተደረጉ ሴቶች አስደሳች ፊልም ሲታያቸው፣ ጽሑፉን ካላነበቡት ያነሰ ደስታ ነበር የተሰማቸው፤ ሊሰማቸው ይገባል ብለው ከጠበቁት ጋር ሲመዝኑት ጎደለባቸው።

ምስጋና መጻፍ ዋጋ የለውም አልልም። ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማክለው እ.ኤ.አ. በ2003 ካሳተሙት ጥናት ወዲህ ብዙ ተፈትሿል፤ ጥቅም ይገኝበታል፣ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። ደግሞም በየማታው ዐሥር ነገር መጻፍ መጠኑን አልፏል። በሶንያ ሊዩቦሚርስኪ ጥናት ለውጥ የታየው በሳምንት አንድ ቀን በጻፉት ላይ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን በጻፉት ላይ አልታየም። ደክሞት የገባ ሰው ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ፍለጋ ጣሪያ ሲያይ ምስጋናው ግብር ይሆንበታል፤ ሲያጣም «ለካ የማመሰግንበት እንኳ የለኝም» ወደሚል መደምደሚያ ይሄዳል። እሑድ ማታ ሁለት ወይም ሦስት ነገር፣ ያውም እንዴት እንደ ሆነና ማን እንዳደረገው ጭምር ይጻፉ። ሌላውን ማታ ይተኙበት።

«ከደስታህ 40 በመቶው በእጅህ ነው» የሚለውን ንግግር ሰምተው ከሆነ ደግሞ እርሱንም ላርም። ቁጥሩ የመጣው ሊዩቦሚርስኪ፣ ኬነን ሼልደንና ዴቪድ ሽካድ እ.ኤ.አ. በ2005 ካወጡት ጽሑፍ ነው፤ የሚናገረውም በብዙ ሰዎች መካከል ስለሚታየው ልዩነት እንጂ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ስላለ ድርሻ አይደለም። ከጸሐፊዎቹ መካከል ሁለቱ በኋላ ተመልሰው ክፍፍሉ ነገሩን ከልክ በላይ እንዳቀለለው ጽፈዋል። «በእጅህ ነው» የሚለው ቃል ለበረታ ሰው ስንቅ ነው፤ ለደከመ ሰው ግን ክስ ይሆናል።

የእናትዎን ተግሣጽ አልንቀውም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ማማረርና ያለበትን ሁኔታ መናገር አንድ አይደሉም። ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች መዝሙሩ በለቅሶና በጩኸት የተሞላ መሆኑን ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ግን እንደ ክሕደት አልተቆጠረም። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መያዝ በጎ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እንቅልፍና ምግብ መንሣት ከጀመረ ግን የያዘውን ሆድ ራሱን ይፈጃል።

ወደ ተግባር ምክሩ ከመግባቴ በፊት መጣራት ያለበት አንድ ነገር አለ። አማርኛችን እዚህ ላይ ያሳስተናል፦ ታክሲ የዘገየበትም፣ ፊልም ያሰለቸውም፣ ለሳምንታት ከአልጋው መነሣት ያቃተውም «ደበረኝ» ይላል። ባለሙያዎች ድባቴ የምንለው ሕመም ግን የራሱ መለያ አለው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በአብዛኞቹ ቀናት፣ የቀኑን አብዛኛ ሰዓት ስሜት የሚጫን ወይም ቀድሞ ያስደስት የነበረውን ነገር ሁሉ የሚያጠወልግ ነው፤ ከእርሱም ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ አሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ከንቱና በደለኛ አድርጎ ማየት ይመጣል። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ኀዘኑን አይናገርም፤ ራስ ምታት፣ የልብ ምት፣ ጨጓራ፣ እግርን ማቃጠል ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል። እርስዎ የጻፉልኝ ስለ ቤቱ ብቻ ነው፤ ልጆችዎ ሲስቁ፣ የሚወዱት መዝሙር ሲሰማ፣ እሑድ ጠዋት ሲሆን ልብዎ ቅልል የሚል ከሆነ ይህ ሕመም ላይሆን ይችላል። ሁሉም ነገር ጣዕሙን ካጣ ግን ከዚህ በታች የምጽፈውን ምክር ብቻዎን ከመሞከርዎ በፊት ይመርመሩ። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል፤ ለመሙላት ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም። የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የደም ማነስም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ የደም ምርመራ አብሮ ቢደረግ ይገባል። አገልግሎቱ በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የታጠረ አይደለም፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ጠቅላላ ሆስፒታሎች አሉ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ይቀጥሉ፤ መድኃኒት ከታዘዘልዎት ግን አንዱን ለሌላው ሲሉ አያቋርጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ይነገራል፣ ብቻ አይታደርም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ሕመሙ ከሌለ፣ ወይም ቀላል ከሆነ፣ የምመክርዎት መንገድ ከስሜት ሳይሆን ከተግባር የሚነሣ ነው። ብዙ ሰው «ስሜቴ ሲስተካከል ሰው እጠይቃለሁ፣ ቡና አፈላለሁ» ይላል፤ ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። ይህ አሠራር ለድባቴ ሕክምናም ይውላል፦ እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ 440 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ እንዳሳየው፣ ረጅም ሥልጠና የሌላቸው የጤና ሠራተኞች የሰጡት በተግባር ላይ የተመሠረተ ሕክምና፣ ከፍ ያለ ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች ከሰጡት የአስተሳሰብ ሕክምና ያነሰ ውጤት አልነበረውም። ያንኑ የምስጋና ደብተር ገልብጠው በጀርባው ለአንድ ሳምንት ሰዓቱን፣ የሠሩትን፣ አብሮዎት የነበረውን ሰውና ከ0 እስከ 10 ስሜትዎን ይመዝግቡ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለምሳሌ በምሳ፣ ሰርቪስ ወይም ታክሲ ላይና ከመኝታ በፊት ይበቃል፤ በየሰዓቱ ካደረጉት ወደ አክንባሎው ተመለሱ ማለት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ቁጥሩ ከፍ ያለባቸውን ቦታዎች ያያሉ። ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይገረማሉ፤ «ዐርፌበት ነበር» ያሉት የስልክ ሰዓት ዝቅ ብሎ፣ «ጊዜ አባከነብኝ» ያሉት የጎረቤት ጨዋታ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ የጸና ነገር ብቻ ያስገቡ፦ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና፣ ሰዓቱ የማይለወጥ፣ በርዎ ክፍት ሆኖ። ከፎቅዎ ሁለት ቤት ይጥሩ፤ አምስት አያስፈልግም። መጀመሪያ ቀን እንግዳነቱ ይከብዳል፣ ይሉኝታ ይይዛል፣ «ምን ይሉኝ ይሆን?» ይመጣል። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የቺካጎ ባቡር ተሳፋሪዎች ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር እንደሚያስጨንቃቸው ገምተው ነበር፤ የተነጋገሩት ግን ጉዟቸውን ዝም ብለው ከተቀመጡት በተሻለ ወድደውታል። ከቡናው ጎን ለጎን በአዲሱ ሰፈር ያለውን እድር ይጠይቁ፤ ከሌለ ብሎኩን የሚያስተባብሩትን ያነጋግሩ፤ የጋራ መገልገያ ቤቱ ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የሽሮ ሜዳውንም እድር አይልቀቁ፤ መዋጮው ጥቂት ነው፣ በወር አንዴ የሚያስኬድ ምክንያት ግን ይሰጣል። ባለቤትዎ እነዚህን ሰዓታት ልጆቹን በመያዝ ካላገዙዎት ግን ምክሬ በጫንቃዎ ላይ ሌላ ሥራ መጨመር ብቻ ይሆናልና ደብተሩን አብረው ያንብቡት።

ስልኩን ስላነሣሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ፌስቡክን ለአራት ሳምንት እንዲዘጉ የተደረጉ ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተርፎላቸዋል፤ ደስታቸውም ጨምሯል፣ ጭማሪው ግን መጠነኛ ነው። ለእርስዎ ዋናው ጥቅም እንቅልፍ ነው። ከንጋቱ 11፡30 የሚወጣ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ለመተኛት ከምሽቱ 3፡30 ሳያልፍ መተኛት አለበት፤ ስልኩ ሳሎን ይደር።

አሁን ወደ ክፍል ኃላፊነቱ። «ገንዘብ ደስታ አይገዛም» አልልዎትም፤ የቤት ዕዳ ላለበት ሰው እንዲህ ማለት ነውር ነው። ማቲው ኪሊንግስወርዝ፣ ካንማንና ባርባራ ሜለርስ እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳዩት ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር የዕለት ስሜትም ይሻሻላል፤ ሆኖም ለውጡን የሚወስነው ምን ያህል ብር ተጨመረ የሚለው ሳይሆን ከነበረው ገቢ ስንት እጅ ሆነ የሚለው ነው። የደመወዝ ጭማሪ ደግሞ እንደ ቤቱ ይለመዳል። በዚያው ሕንፃ የሚሰጥ፣ መንገዱን የማያሳጥር፣ ምናልባትም ማምሻን የሚያስረዝም ሹመት ለደስታዎ መድኃኒት ሆኖ አይታየኝም።

የምመክረው ሌላ ጥያቄ እንዲያቀርቡ ነው፦ ወደ አያት፣ ጎሮ ወይም አራብሳ አካባቢ ወዳለ ቅርንጫፍ ዝውውር። ባንክዎ በዚያ አቅጣጫ ቅርንጫፍ ካለው፣ ሹመቱና ዝውውሩ በአንድ ላይ የማይገኙ ከሆነ ዝውውሩን ይምረጡ። በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም የሚያጡትን በብር ይጻፉት፤ አጠገቡ ለትራንስፖርት የሚያወጡትንና በወር የሚመለስልዎትን ሰዓት ይጻፉ። በቀን ሦስት ሰዓት እንኳ ቢተርፍ በወር ከስልሳ ሰዓት ይበልጣል፤ ይህን ያህል ጊዜ ለልጅ፣ ለእንቅልፍና ለሰው የሚሰጥ የደመወዝ ጭማሪ አላውቅም። ዝውውሩ ወራት ሊወስድ ይችላልና እስከዚያው ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ተዋጥተው ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ ቢቻል ገንዘቡ ከወረፋ ያድናል። ጊዜ ለመግዛት የሚወጣ ገንዘብ ዕቃ ለመግዛት ከሚወጣው ይልቅ እርካታ እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ቤቱን አከራይቶ ወደ መሥሪያ ቤት ቀርቦ መከራየትም ሌላው አማራጭ ነው፤ ልጆቹን ዳግመኛ ከትምህርት ቤት ስለሚያነሣ ግን የመጨረሻ አደርገዋለሁ።

ይህ ሁሉ የማይፈታው ነገር አለ። በቤት ውስጥ ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ ቡናም ዝውውርም መፍትሔ አይደለም፤ የቅርብ ሰው ሞት ካለም ሐዘን የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር ከጥያቄዎ ቀርቶ ከሆነ ምላሼ ሌላ ይሆን ነበር።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥሮች ከመጨረሻው ጋር ያስተያዩ። የእሑዱ ቁጥር ከፍ ብሎ የሥራ ቀናቱ እንደ ነበሩ ከቀሩ ችግሩ መንገዱ ነውና ዝውውሩን ይግፉበት። እሑዱም፣ የሥራ ቀኑም፣ ከልጆች ጋር ያለውም ሰዓት ሁሉ ዝቅ ብሎ ካልተንቀሳቀሰ ግን ሌላ ዘዴ መሞከር ያቁሙና ደብተሩን እንዳለ ይዘው ወደ ባለሙያ ይሂዱ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቁት በዚያ ውስጥ የጻፉትን ነው።